ከካርታው ጀርባ ያለው ማህደር፦ የአንድ ቤት ታሪክ በመንግሥት መዛግብት ውስጥ

በአዲስ አበባ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ፣ መኖር አለመኖሩን ነው። ካርታው ከቀረበለት፣ ቁጥሩ በክፍለ ከተማው መዝገብ ላይ መገኘቱ ከተረጋገጠለትና ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተጻፈለት ማጣራቱ እንደተጠናቀቀ ይቆጥራል፤ ቀብድ ይከፍላል፣ ውል ይዋዋላል። ይህ ማጣራት ሊቀር የማይገባው ቢሆንም የሚነግረን ነገር ቢኖር ቤቱ በዛሬው ዕለት በማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ነው። ስሙ እዚያ መዝገብ ላይ በምን መንገድ እንደደረሰ፣ ከእርሱ በፊት የማን ስም እንደነበረ፣ በመካከል የተዘለለ ወራሽ ወይም ያልፈረመ የትዳር ጓደኛ መኖር አለመኖሩን ደብዳቤው አይናገርም። ገዢን ለዓመታት ፍርድ ቤት የሚያመላልሱት ክርክሮች ግን የሚፈልቁት ከዚህ ከመካከለኛው ታሪክ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የገዢና የሻጭ ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ነዋሪዎች ተነሥተዋል፤ ለተነሺ የሚሰጠው ካሳና ምትክ ደግሞ በእጁ ባለው የይዞታ ማስረጃ ዓይነት ይለያያል። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የውጭ አገር ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን መንገድ የሚከፍት አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው በውክልና ቤት የሚገዙ፣ አልያም የወላጆቻቸውን ቤት ጉዳይ ከሩቅ የሚከታተሉ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ሁሉም የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ከመጀመሪያው ባለይዞታ እስከ ዛሬው ድረስ በማን እጅ፣ በምን ሕግና በየትኛው ሰነድ እንዳለፈ ማወቅ። ይህንን ማወቅ ይቻላል። የሚቻለው ግን አንድን መዝገብ በማመን ሳይሆን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ መዛግብትን በማነጻጸር ነው።

ያልተሠራበት መዝገብ

መረጃው በየመሥሪያ ቤቱ የተበታተነበትን ምክንያት መረዳት ፍለጋውን ያቀላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዴት እንደሚደራጅ ከቁጥር 1553 ጀምሮ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ሆኖም ያው ሕግ በማብቂያው አካባቢ፣ በቁጥር 3363፣ እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥላቸው ድረስ እንዳይሠራባቸው አዘገያቸው። ያ ቀን ሳይቆረጥ ዘመነ መንግሥቱ አለፈ። በመሆኑም የቤት ባለቤትነት የሚመዘገበው ማዘጋጃ ቤቶች በየራሳቸው ልማድ በያዟቸው መዝገቦች ሆነ። የከተማ መሬት ይዞታን በአንድ ወጥ ሥርዓት ለመመዝገብ የሚያስችለው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 እስኪወጣ ድረስ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚህ መካከል የመንግሥት ሥርዓት ሁለት ጊዜ ተለውጧል፣ ከተማዋም ደጋግማ ተሸንሽናለች።

ከዚያው ሕግ ሌላም መነሻ እናገኛለን። በቁጥር 1195 መሠረት አንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት የእርሱ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከአስተዳደር ክፍል የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ ግምት ነው። ተከታዩ ቁጥር 1196 ግምቱ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ያስቀምጣል፦ ማስረጃው ሕጉን ሳይከተል ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ተሰጥቶ እንደሆነ፣ በማይጸና ተግባር ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው ማስረጃው ከተሰጠ በኋላ ሀብቱን አግኝቶ እንደሆነ። ሦስቱም ምክንያቶች ከካርታው ፊት ገጽ አይነበቡም። የሚነበቡት ካርታው ከተሠራበት ማህደር ነው። ለዚህም ነው ትክክለኛ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ ፎርጅድ ያልሆነ ካርታ ከዓመታት በኋላ ሊመክን የሚችለው።

የ1967ቱ መገናኛ

በኢትዮጵያ ከተሞች የአንድን ነባር ቤት ታሪክ የሚከታተል ሰው ሁሉ የሚያልፍበት አንድ ቀን አለ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤቶችንም ወረሰ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት እንዲይዝ ሲፈቀድለት የቀረው ተወሰደ። የተወረሱት ቤቶችም በወር ኪራያቸው መጠን ለሁለት ተከፈሉ፦ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጠ። ይህ ክፍፍል ለመዛግብት ፈላጊ ዛሬም ቁልፍ ነው፤ የቀበሌ ቤቶች መረጃ የሚገኘው በወረዳና በክፍለ ከተማ የመንግሥት ቤቶች አስተዳደር ሲሆን፣ የኪራይ ቤቶች ንብረት የነበሩት ደግሞ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ናቸው። አንደኛው ዘንድ «እንዲህ ያለ ቤት በመዝገባችን የለም» የተባለ ቤት ሌላኛው ዘንድ ሊገኝ ስለሚችል፣ አንዱን ብቻ ጠይቆ ቤቱ አልተወረሰም ብሎ መደምደም አይገባም።

ጉዳዩ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ግቢ እንመልከት። ከ1967 በፊት የተሠራ፣ ከፊት ለፊት ቪላ፣ ከኋላው በተርታ የተሠሩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ግቢ አለ እንበል። ባለቤቱ በቪላው ሲኖር ሰርቪሶቹን አከራይቶ ነበር። አዋጁ ሲወጣ ቪላው የመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ቀረለት፤ ሰርቪሶቹ የቀበሌ ሆኑ። በአንድ በር የሚገቡ፣ በአንድ ግቢ የሚጠቀሙ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ተፈጠሩ። ባለቤቱ አረፉ፤ ልጆቹ ወረሱ፤ ከሰርቪሶቹ አንዱ ፈረሰ፣ ሌላው ተከራዩ በለቀቀ ጊዜ ወደ ቪላው ተቀላቀለ። ከዓመታት በኋላ ካርታ ሲሠራ ቀያሹ አጥሩን ተከትሎ ለካ፤ በካርታው ላይ የሰፈረው የቦታ ስፋትም የሰርቪሶቹን መሬት ጨምሮ ወጣ። ዛሬ ይህንን ቤት የሚገዛ ሰው የሚያየው አንድ ንጹሕ ካርታ ነው። ታሪኩን የሚያገኘው ግን አራት ሰነዶችን ጎን ለጎን ሲያደርግ ነው፦ በ1967 እና በ1968 ዓ.ም. ባለቤቶች ትርፍ ቤት ያስረከቡበትና የቀረላቸው ቤት የተገለጸበት ቅጽ፣ የቀበሌው የኪራይ መሰብሰቢያ መዝገብ፣ በባለቤቱ ስም የተከፈለ የቦታና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ እና የካርታው ስፋት። ግብሩ የተከፈለበት ስፋት በካርታው ላይ ካለው በጉልህ ካነሰ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ውል መፈረም የለበትም።

ተቃራኒው ሁኔታም አለ። ሊወረስ የማይገባው የአንድ ቤተሰብ ብቸኛ መኖሪያ፣ ባለቤቱ በሥራ ወይም በእስር ምክንያት ስላልነበረበት እንደ ትርፍ ቤት የተያዘበት አጋጣሚ ነበር። አዋጅ ቁጥር 110/1987 የወጣው አግባብ ካላቸው አዋጆች ውጪ በመንግሥት የተወሰዱ ንብረቶች እንዲመረመሩ ሲሆን፣ ምርመራውንም ለኢትዮጵያ ፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ሰጠ። ስለዚህ በቤቱ ታሪክ ውስጥ «ተወርሷል» የሚል መረጃ የተገኘ እንደሆነ ፍለጋው እዚያ አይቆምም፤ የተመለሰበት ውሳኔ መኖር አለመኖሩ፣ ውሳኔው ከነበረም ለማዘጋጃ ቤቱ መድረስ አለመድረሱ መጣራት አለበት። ቤቱ ተመልሶ ሳለ በወረዳው መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ የመንግሥት ቤት ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል።

ማህደሩ ሲገለጥ

የአንድ ይዞታ ማህደር ከሁሉም መዛግብት የበለጠ ዋጋ ያለው ነው፤ በጥንቃቄ መነበብ ያለበትም እርሱ ነው። በጥሩ ሁኔታ በተያዘ የነባር ይዞታ ማህደር ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚገኙት የቆየ የይዞታ ደብተር ወይም ቅጂው፣ በእጅ የተሣለ የቦታ ንድፍ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ በየዓመቱ የተከፈለ ግብር ደረሰኝ፣ የሽያጭ ወይም የስጦታ ውል፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ የስም ማዛወሪያ ማመልከቻና የአሹራ (የስም ዝውውር ክፍያ) እና የቴምብር ቀረጥ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ከባንክ የመጡ የዋስትና ደብዳቤዎች፣ በመጨረሻም የቅርቡ ካርታ ናቸው። ወረቀቶቹን የሚያነብ ሰው ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይኖርበታል። ገጾቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ከሆነ በመካከል የጎደለ ቁጥር መኖሩን ማየት አንዱ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ የእገዳ ደብዳቤ እገዳው የተነሣበት ጥንድ ደብዳቤ እንዳለው ማረጋገጥ ነው፤ እገዳ ተጽፎ መነሻው ከሌለ፣ ባንኩ ወይም ፍርድ ቤቱ ራሱ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛው ደግሞ እያንዳንዱ የስም ዝውውር ከኋላው ምክንያት የሚሆን ሰነድ እንዳለው ማየት ነው። ስም ከአባት ወደ ልጅ ተዛውሮ የወራሽነት ማስረጃው ማህደሩ ውስጥ ከሌለ፣ ዝውውሩ በምን ላይ እንደቆመ አይታወቅም።

የግብር ደረሰኝ ተራ ወረቀት እየመሰለ ብዙ ጊዜ ቸል ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 አንድን የማይንቀሳቀስ ንብረት በእጁ አድርጎ ለ15 ተከታታይ ዓመታት በስሙ ግብር የከፈለ ሰው የሀብቱ ባለቤት የሚሆንበትን መንገድ ያስቀመጠ በመሆኑ ደረሰኙ የባለቤትነት ክርክር ዋና ማስረጃ ሆኖ የቀረበባቸው ጉዳዮች ነበሩ። ከዚህም በላይ ደረሰኝ በየዓመቱ የሚቆረጥ፣ ለሌላ ዓላማ የተዘጋጀና ከይዞታ ክፍሉ ውጪ ባለ አካል የተሰጠ ሰነድ ስለሆነ አንድ ሰው በኋላ ተመልሶ ሊያስተካክለው ይከብደዋል። ካርታው በአንድ ስም ሆኖ ግብሩ ለብዙ ዓመታት በሌላ ሰው ስም የተከፈለ ከሆነ፣ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ የግድ ነው።

የቤቱ አድራሻ በየዘመኑ መለዋወጡም ፈላጊን ያደናግራል። አዲስ አበባ በደርግ ጊዜ «ከፍተኛ» በተባሉ 25 ክፍሎችና በቀበሌዎች ተከፍላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በዞንና በ28 ወረዳዎች ተደራጀች፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፣ በ2003 ዓ.ም. ወረዳዎች 116 ሆኑ፣ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። በየጊዜው የቤት ቁጥሩም የተለወጠባቸው ቤቶች ስላሉ አንድ ቤት በሦስትና በአራት አድራሻ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለሆነም ፍለጋው ሲጀመር የቤቱን አድራሻዎች በዘመን ቅደም ተከተል ያሰፈረ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ የድሮውን ከፍተኛና ቀበሌ ለማወቅም የቆየ የውኃ ወይም የመብራት ሒሳብ ደረሰኝና የቀበሌ መታወቂያ ይረዳሉ። የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ስማችን ከአባት ስም በላይ ካልተጻፈ ብዙ ሰው ይጋራዋል፤ ኃይለ ማርያም የሚለው ስም በአንዱ መዝገብ በሐመሩ ሐ፣ በሌላው በሃሌታው ሀ፣ በሦስተኛው ተገጥሞ ይጻፋል፤ በአንዳንድ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ሰውየው በክርስትና ስሙ ወይም በማዕረጉ ብቻ ተመዝግቧል። «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» የሚለው መልስ የሚታመነው የአያት ስም ተጨምሮና ሁሉም የአጻጻፍ ዓይነት ተሞክሮ ሲያበቃ ነው።

ከላይ የተነሣው ፎቶ

ሰነድ ሊስተካከል ይችላል፤ በአንድ የታወቀ ቀን ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ቤቱ በዚያ ቀን መኖር አለመኖሩን ያሳያል። በአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ የማድረግ ሥራ በዋናነት የተመሠረተው በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. በተነሡ የአየር ፎቶዎችና ከእነርሱ በተሠሩ የመስመር ካርታዎች ላይ ነው፤ ይዞታው በመስመር ካርታው ላይ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤተሰብን ዕጣ ወስኗል። ለመደበኛ ይዞታም ቢሆን ይህ ምስል ጠቃሚ ነው። የቦታው ቅርጽ በ1988ቱ ላይ ከነበረው ተለውጦ፣ አጥሩ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ጎረቤት ገፍቶ ከተገኘ፣ የተጨመረው ቁራሽ በምን መብት እንደተያዘ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ኋላ መሄድ ለሚፈልግ ተመራማሪ ደግሞ አስደናቂ ሀብት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአየር ላይ የተነሡ፣ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8 ሺህ በላይ የፎቶ ስብስቦች በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ በቅርብ ዘመን ተመርምረው ለጥናት ውለዋል። የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ተቋም ሥር ነው።

ውል፣ ውክልና እና ቤተሰብ

ካርታውና ማህደሩ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሆኑ፣ ዝውውሩ የተፈጸመበት ውል የሚገኘው በሌላ ነው። ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት የሽያጭ ውልንና የውክልና ሥልጣንን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ዛሬ የሚሠራበትም አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። በማህደሩ ውስጥ ያለውን የውል ቅጂ እዚያ ካለው ቀሪ ጋር ማመሳከር ሊታለፍ የማይገባው እርምጃ ነው። ሆኖም በቤቱ ታሪክ ውስጥ ያለ ሽያጭ ሁሉ በውልና ማስረጃ አልፏል ማለት አይደለም፤ በሦስት ምስክር ፊት የተደረገ የመንደር ውል ብዙ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው አስገዳጅ ትርጉም የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ካልተደረገ እንደማይጸና ወስኗል፤ በኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ደግሞ ሻጩ ውሉን መፈጸሙን ካልካደ ይህ ጉድለት ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው ወስኗል። በሰንሰለቱ ውስጥ የመንደር ውል ያለበት ቤት እንግዲህ ደኅንነቱ በአንድ ሰው ቃል፣ እርሱ ከሞተም በወራሾቹ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ውክልና በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዋናው የሥጋት በር ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ውክልናው ቤቱ ከመሸጡ በፊት ተሽሮ እንደሆነ መጣራት ያለበት ሲሆን፣ ከዚህ ይልቅ የሚዘነጋው ግን ወካዩ በሽያጩ ዕለት በሕይወት የነበረ መሆኑ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። በማህደሩ ውስጥ በውክልና የተፈጸመ ዝውውር ካለ የወካዩን የሞት ቀን ከውሉ ቀን ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የሞት ማስረጃው የመጣው ከውጭ አገር ከሆነ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ስለሚሆን፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱን በትክክል ሳያሰሉ የሚደረግ ንጽጽር የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይጥላል።

የትዳር ጉዳይም ከካርታው ላይ አይታይም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ያም ሆነ ይህ ከሽያጩ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሻጩን ያላገባ ማስረጃ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱ በተገኘበት ጊዜ አግብቶ እንደነበረ፣ ጋብቻው በፍቺ ከፈረሰም የንብረት ክፍፍሉ ውሳኔ ቤቱን ለማን እንደሰጠ በፍርድ ቤቱ መዝገብ መታየት አለበት። ለውርስም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የወራሽነት ማስረጃ አንድ ሰው ወራሽ መሆኑን እንጂ ብቸኛ ወራሽ መሆኑን ሁልጊዜ አያረጋግጥም።

የይዞታው ሥሪት፣ ማለትም ቦታው በነባር ይዞታነት ወይስ በሊዝ መያዙ፣ ራሱ ሌላው የታሪኩ አካል ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ላይ የሰፈረ ንብረት በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ እንደሚገባ የደነገገ በመሆኑ፣ ከ2004 በኋላ የተደረገ ዝውውር በማህደሩ ላይ ውርስ ተብሏል ወይስ ሽያጭ የሚለው የገንዘብ ግዴታን ይወስናል።

ከ1967 በፊት ወዳለው ዘመን የሚዘልቅ ፍለጋ የታሪክ ተመራማሪ እንጂ የገዢ ሥራ አይደለም፤ የሰፈሩን አመሠራረት ማወቅ ግን የመጀመሪያውን ባለይዞታ ለመለየት ይጠቅማል። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ቦታ የተሰጠው በሰፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊታቸው ነበር፤ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ድልድል ቅሪት ናቸው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በዳግማዊ ምኒልክ ደንብ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ መንገድ ተከፈተ። የዚህ ዘመን ሰነዶች በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሊፈለጉ ይችላሉ። በጎንደር ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቦታና የርስት ሽያጭ ከነምስክሮቹ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ይፋዊ መዝገብ በሌለበት ሕዝቡ የሚያምነውን መዝገብ ለራሱ አበጅቶ ነበር።

ማን ማየት ይችላል?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በተግባር የሚሰናከለው መዝገቡን ለማየት በሚደረገው ሙከራ ነው። ሕጉ ዝም አላለም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ መሥሪያ ቤቶች በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። አዋጁ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃን ከዚህ ያወጣል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ይህንን ጥበቃ አጠናክሯል። በመሆኑም ገዢ የሻጩ ፈቃድ ወይም ውክልና ሳይኖረው ማህደሩን እንዲያይ አይፈቀድለትም፤ የሚያገኘው ሻጩ ራሱ ያስወጣውን ደብዳቤ ነው።

በእኔ እምነት ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ተደባልቀዋል። በማህደሩ ውስጥ የሰው ልጅ መታወቂያ፣ የጋብቻ ውሳኔ፣ የባንክ ደብዳቤ ስላለ ማህደሩ በጠቅላላ ለማንም እንዲከፈት መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ቤቱ በየትኛው ቀን፣ በምን ዓይነት ዝውውር፣ በየትኛው የሰነድ ቁጥር እጅ እንደለወጠ፣ በላዩ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ ተመዝግቦ እንደነበረ የሚገልጽ የአንድ ገጽ የዝውውር ታሪክ ግን የማንንም ገመና አያጋልጥም። ምዝገባ ያስፈለገው ሦስተኛ ወገኖች እንዲያውቁት ነው፤ የሚመለከተው ሰው ሊያነበው የማይችል መዝገብ ይህንን ዓላማ አያሳካም። እንዲህ ያለው ማጠቃለያ በክፍያ ለማንኛውም አመልካች ቢሰጥ ሐቀኛው ሻጭ የሚያጣው ነገር የለም፤ ዛሬ በደላላና በጉዳይ አስፈጻሚ በኩል በጓሮ የሚሸጠው መረጃም ዋጋ ያጣል። እስከዚያው ገዢው የሚኖረው አማራጭ ከቀብድ በፊት ሻጩ ከእርሱ ጋር ሆኖ ማህደሩን እንዲያሳየው፣ የቁልፍ ገጾችንም በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ እንዲያወጣ በጽሑፍ መስማማት ነው። ይህንን የማይቀበል ሻጭ ምክንያቱን እንዲናገር መጠየቅም መብት ነው።

ጊዜ የማይሰጠው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የተጀመረው የካዳስተር ምዝገባ አካባቢን በአካባቢ እየለየ ባለይዞታዎችን በማስታወቂያ ይጠራል፤ ሰነዳቸውን ያጣራል፣ ቁራሽ መሬቱን ይለካል፣ ውጤቱን ለሕዝብ አሳይቶ ቅሬታ ከተቀበለ በኋላ ይመዘግባል። ውጭ አገር ያለ ወይም በውርስ ክርክር ላይ ያለ ሰው ማስታወቂያው ሲወጣ ተወካይ ሊኖረው ይገባል፤ ከምዝገባው በኋላ ማስተካከል ከቅሬታው ጊዜ በጣም ይከብዳልና። መሥሪያ ቤቶቹ በበኩላቸው ነባር ማህደሮችን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ የመጨረሻውን ካርታና ውል ብቻ ቃኝተው ሌላውን እንዲተዉ መፍቀድ የለባቸውም። የመከኑት ካርታዎች፣ የተሰረዙት ስሞች፣ የ1967ቱ ማስረከቢያ ቅጾች፣ በደረሰኝ ጀርባ የተጻፉ ማስታወሻዎች ጭምር ከነገጽ ቁጥራቸው መግባት አለባቸው፤ ወረቀቱ ከተወገደ በቪላውና በሰርቪሱ መካከል ያለውን ወሰን የሚያስረዳ ሌላ ሰነድ በየትኛውም መሥሪያ ቤት አይገኝም።